«ኮር አይ 7 ነው» ከተባላችሁ በኋላ



የተሰጠኝ ርዕስ «የመጀመሪያ ላፕቶፕ አመራረጥ» የሚል ነው። ሲያዩት ተራ የሱቅ ወሬ ይመስላል። ይሁንና እዚህ አዳራሽ ካላችሁት ሥራ ጀማሪዎች አብዛኞቻችሁ ገና ቢሮ አልተከራያችሁም፣ ሠራተኛም አልቀጠራችሁም። ሎጎውን የምትነድፉት፣ ባነሩን የምታዘጋጁት፣ ፕሮፎርማውን የምትጽፉት፣ ሒሳቡን የምትይዙት፣ ከደንበኛ ጋር በቴሌግራም የምትከራከሩት በዚያው በአንድ ዕቃ ላይ ነው። ለጊዜው ድርጅታችሁ ማለት ላፕቶፑ ነው። ስለዚህ ዛሬ ብራንድ አላስመርጣችሁም፤ ዋጋም አልጠራም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በዚህ ከተማ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ የሚጠራ ሰው በወሩ ሊያፍር ይችላል። እኔ የምናገረው ያላችሁ ገንዘብ ቀድሞ ወደየትኛው የላፕቶፑ ክፍል መሄድ እንዳለበት ነው።

አቋሜን ገና ከጅምሩ ልንገራችሁ። በእኛ ገበያ ላፕቶፕ የሚሸጠው በፕሮሰሰሩ ስም ነው። ሥራችሁ የሚያምረው ወይም የሚበላሸው ግን በስክሪኑና በራሙ ነው።

መገናኛ ወይም ቦሌ አንዱ ሱቅ ግቡና «ለግራፊክስ የሚሆን ላፕቶፕ ፈልጌ ነበር» በሉ። ተናግራችሁ ሳትጨርሱ መልሱ ይመጣል፦ «ኮር አይ 7 ነው፣ ስላይትሊ ዩዝድ፣ ምንም አይልም።» ልጁ አልዋሸም። ነገር ግን የነገራችሁ የጉዳዩን እሩቡን ነው። መኪና ስትገዙ «ቶዮታ ነው?» ብላችሁ ብቻ አትከፍሉም፤ «የስንት ሞዴል ነው?» ትላላችሁ። ለኮር አይ 7ም ጥያቄው ይኸው ነው፤ የሱቁ ሰው «ጀነሬሽን» የሚለው እሱን ነው። አይ 7-7500ዩ የተባለው ፕሮሰሰር 7ኛ ጀነሬሽን ሲሆን ያሉት ኮሮች ሁለት ናቸው። አይ 5-8250ዩ ደግሞ 8ኛ ጀነሬሽን ነው፣ አራት ኮር አለው። በስም ታናሽ የሆነው አይ 5 ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ሲጫንበት ታላቁን አይ 7 ጥሎት ይሄዳል። ይህ የሆነው ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2017 የቀጫጭን ላፕቶፖቹን የኮር ቁጥር ከሁለት ወደ አራት ስላሳደገ ነው። ስለዚህ ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቁጥር ሳታዩ አትደራደሩ። ከ10ኛው ወዲህ ጀነሬሽኑን የሚያሳዩት የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ናቸው፤ 1035 ብሎ የሚጀምር ካያችሁ አሥረኛ ነው እንጂ አንደኛ አይደለም። ከኤኤምዲ በኩል ከመጣ ደግሞ ራይዘን 5 4500ዩ ስድስት ኮር ይዞ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ነው፤ በገበያችን ስሙ ብዙ አይጠራም፣ ካገኛችሁት ግን አትናቁት።

8ኛው ጀነሬሽን ሌላም ድንበር ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በጥቅሉ 8ኛና ከዚያ በላይ የሆነውን ይጠይቃል። «እኔ በ6ኛውም እጭንልሃለሁ» የሚል ጎበዝ አይጠፋም፤ ይጭነዋልም። የደንበኛ ፋይልና የባንክ ሒሳብ በሚከፈትበት ዕቃ ላይ ግን አምራቹ በማይደግፈው መንገድ መሄድ ለእኔ አይታየኝም። ከ8ኛ በታች ያለውን፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ፣ እለፉት። 8ኛና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ስለ ፕሮሰሰር መጨነቁን ትታችሁ ወደ ቀረው ተሻገሩ።

ወደ ራም። አዶቤ ራሱ ለፎቶሾፕ ያወጣው ዝቅተኛ መጠን 8 ጊጋ ነው፤ የሚመክረው ግን 16 ነው። «ዝቅተኛ» የሚለው ልክ የሚሆነው ፎቶሾፑ ለብቻው ሲከፈት ነው። የእናንተ ውሎ ደግሞ እንዲህ አይደለም። ኢለስትሬተር ተከፍቷል፣ ክሮም ላይ ሃያ ገጽ ተዘርግቷል፣ ኤክሴል ከታች አለ፣ ቴሌግራም እያንጫረረ ነው። በ8 ጊጋ ይህን ሁሉ ስትከፍቱ ላፕቶፑ የተረፈውን ወደ ማከማቻው እየገለበጠ መጎተት ይጀምራል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «ፕሮሰሰሩ ደከመ» ብሎ ላፕቶፑን ይሸጣል፤ የደከመው ግን ራሙ ነበር። ጥሩው ዜና፣ በብዙ የቢሮ ላፕቶፖች ላይ ራም ይጨመራል። ታስክ ማኔጀርን ከፍታችሁ ሜሞሪ የሚለውን ስትነኩ ስንት ማስገቢያ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይጽፍላችኋል። ሁለት ማስገቢያ ኖሮት አንዱ ባዶ ከሆነ 8 ጊጋውን ዛሬ ገዝታችሁ ሌላ 8 ከመጀመሪያው ሥራችሁ ገቢ ትጨምራላችሁ። በጣም ቀጫጭኖቹ ላይ፣ ለምሳሌ በሌኖቮ ኤክስ1 ካርበንና በአፕል ማክቡኮች፣ ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ የገዛችሁት መጠን እስከ መጨረሻው ያው ነው።

ስለ ማከማቻ ብዙ አልልም። ኤስኤስዲ ይሁን፤ ከተቻለ 512 ጊጋ። አሮጌው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለበትን ላፕቶፕ ለዋና ሥራ አትግዙ፤ እሱን ለመጠባበቂያ ኮፒ ተጠቀሙበት።

አሁን ወደ ስክሪኑ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም በሱቁ ውስጥ ማንም አያወራለትም።

ከውጭ የሚመጡት የቢሮ ላፕቶፖች የተገዙት ለሒሳብ ሠራተኛና ለሽያጭ ሠራተኛ ነበር። ኩባንያው በጅምላ ሲያዝ ከስክሪኑ ላይ ቆጥቧል። ስለዚህ ያው ሞዴል፣ ያው ፕሮሰሰር ሆኖ አንዱ 1366 በ768 የሆነ፣ ከጎን ሲያዩት ቀለሙ የሚገለበጥ ቲኤን ስክሪን ይዞ ይመጣል፤ ሌላው 1920 በ1080 የሆነ አይፒኤስ ይዞ ይመጣል። ሻጩ ሁለቱን በአንድ ስም ይጠራቸዋል። አይፒኤስም ሆኖ ገና አላለቀም። ብዙዎቹ በዝርዝራቸው ላይ «45 በመቶ ኤንቲኤስሲ» ተብሎ የሚጻፉ ናቸው። ይህ ማለት ኤች ፒና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1996 ካወጡት፣ ድረ ገጾችና አብዛኞቹ ፎቶዎች ከሚሠሩበት ኤስአርጂቢ ከተባለው የቀለም ስፋት ከሲሶ በላይ የሚሆነውን አያሳይም ማለት ነው። «72 በመቶ ኤንቲኤስሲ» ወይም «100 በመቶ ኤስአርጂቢ» የሚል ካገኛችሁ የምትፈልጉት እሱ ነው።

ይህ በሥራ ላይ ምን ያመጣል? ለእንቁጣጣሽ ፖስተር የአደይ አበባ ቢጫ ትመርጣላችሁ። ስክሪናችሁ ላይ ደብዘዝ ብሎ ይታያል። «አልደመቀም» ብላችሁ ትጨምሩበታላችሁ፣ አሁንም ትጨምሩበታላችሁ። ለደንበኛው ትልኩለታላችሁ። እሱ የሚያየው በኦሌድ ስልኩ ነው፤ ቢጫው ዓይኑን ይወጋዋል። «ቀለሙን አብርዱልኝ» ይላል። እናንተ ታበርዳላችሁ፣ በእናንተ ስክሪን ሞቶ ይታያል። እንዲህ እየተባባላችሁ ቀኑ ያልቃል፤ ጥፋቱ የሁለታችሁም አይደለም። የሚያሳዝነው፣ ጀማሪ ዲዛይነር በዚህ ጊዜ ዓይኑን መጠራጠር ይጀምራል።

ሱቅ ስትሄዱ ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። በላዩ ላይ በደንብ የምታውቁት የሰው ፊት ያለበት ፎቶ፣ ከጥቁር ወደ ነጭ ቀስ እያለ የሚሄድ ግራጫ፣ ደማቅ ቀይና ቢጫ ያለበት የራሳችሁ ሥራ ይኑር። ክፈቱና ስክሪኑን ወደ ኋላና ወደ ፊት አዘንብሉት፤ የፊቱ ቀለም ከተገለበጠ ተዉት። ከስልካችሁ ጎን አስቀምጡና አስተያዩ። ግራጫው ላይ ጥቁሮቹ እርከኖች አንድ ላይ ከተዋሐዱ እሱንም መዝግቡ። ሻጩ ቢሰለች አይግረማችሁ፤ ላፕቶፕ ለመግዛት ፎቶ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ አልለመደም።

ጥሩ ስክሪን ያለው ላፕቶፕ ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ አንድ መውጫ አለ፦ ደካማ ስክሪን ያለውን ላፕቶፕ ገዝታችሁ ጥሩ ያገለገለ 24 ኢንች አይፒኤስ ሞኒተር መጨመር። ቤት ወይም ቢሮ ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ይህ ብልህ ግዢ ነው። ችግሩ መብራት ሲሄድ ነው። ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ሞኒተሩ ግን ከመብራቱ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ሥራው ለማታ የሚፈለግ ከሆነ ተመልሳችሁ በደካማው ስክሪን ትጨርሱታላችሁ። ለዚህ ነው ቦታ እየቀያየሩ ለሚሠሩት የተሻለ ስክሪን ያለውን አንዱን ላፕቶፕ የምመክረው። ደግሞ ለኅትመት የትኛውም ስክሪን የመጨረሻ ምስክር አይደለም። ስክሪን በብርሃን ይሠራል፣ ማተሚያ ቤት በቀለም። ትልቅ ትእዛዝ ከሆነ አንድ ናሙና አሳትማችሁ ደንበኛውን አስፈርሙበት።

ስለ ግራፊክስ ካርድ የሚወራው ከሚያስፈልገው በላይ ነው። ሎጎ፣ ብሮሸር፣ ቢዝነስ ካርድ፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ፖስተር፣ የፎቶ እርማት ለሚሠራ ሰው ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የሚመጣው ግራፊክስ ይበቃዋል። ለብቻው የተቀመጠ ካርድ የሚያስፈልገው ቪዲዮ በፕሪሚየርና በአፍተር ኢፌክትስ ለሚያቀናብር፣ በብሌንደር ወይም በስሪዲ ማክስ የቤት ምስል ለሚያወጣ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ካላችሁ ዴል ፕሪሲዥን፣ ኤች ፒ ዜድቡክ፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ ፒ የሚባሉትን ተመልከቱ፤ ከባድ ናቸው፣ ቻርጀራቸውም ትልቅ ነው፣ ግን ለዚሁ የተሠሩ ናቸው። እና ተጠንቀቁ። «4 ጊጋ ግራፊክስ አለው» ሲባል ሁልጊዜ ካርድ አለ ማለት አይደለም። ዊንዶውስ ከራሙ እስከ ግማሽ ለግራፊክስ ማዋስ ይችላል፤ 8 ጊጋ ራም ካለ 4 ጊጋ «ሼርድ» ብሎ ይጽፋል። ሻጩ የሚያሳያችሁ ያንን ቁጥር ሊሆን ይችላል። እናንተ መፈለግ ያለባችሁ «ዴዲኬትድ» የሚለውን ነው። እዚያ 128 ሜጋ የሚል ካያችሁ የተዋሰውን እየሸጠላችሁ ነው።

«ማክ ወይስ ዊንዶውስ?» የሚለው ጥያቄ ሳይነሳ እንዲህ ያለ ስብሰባ አይበተንም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 የወጣው ማክቡክ ኤር ኤም1 ለግራፊክስ ሰው የሚያምር ዕቃ ነው፤ ስክሪኑ ሰፊ ቀለም ያሳያል፣ ባትሪው ይቆያል፣ ፋን ስለሌለው ድምፅ የለውም። ለዲዛይን ብቻ ቢሆን ብዙ አልከራከርም ነበር። ግን እናንተ ንግድም ትሠራላችሁ። ሒሳባችሁን የሚዘጋው ባለሙያ ፒችትሪ ይጠቀም ይሆናል፤ ፒችትሪ የዊንዶውስ ነው። የምትላላኩበት ማተሚያ ቤት የዓመታት ሥራውን በኮረል ድሮውና በፓወር ግዕዝ አስቀምጦት ይሆናል። በአሮጌው የፊደል ኮድ የተጻፈ አማርኛ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ምልክት ሆኖ ይበተናል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ አዲሱን ሥራችሁን በዩኒኮድ ብትሠሩ ይህ ችግር የለም፤ ያረጀው የደንበኛ ፋይል ግን የት ይሄዳል? ስለዚህ ምክሬ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ሰው ጠይቁ፦ ሒሳባችሁን የሚሠራላችሁንና የሚያትምላችሁን። ሁለቱም «ችግር የለውም» ካሉ ማክ ግዙ። ከገዛችሁ ግን ከኤም1 ወዲህ ያለውን፣ ከተቻለ 16 ጊጋውን። የኢንቴል ፕሮሰሰር ያላቸው ማኮች በርካሽ ይቀርቡላችኋል፤ አፕል ማክ ኦኤስ 26 ለእነሱ የመጨረሻው መሆኑን አስታውቋል።

ለብዙዎቻችሁ የሚሆነው ግን፣ በእኔ ግምት፣ ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ነው። ቲንክፓድ ቲ480፣ ኤች ፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5፣ ዴል ላቲቲውድ 7490፤ ሁሉም በ8ኛ ጀነሬሽን ይገኛሉ፣ ራማቸው ይቀየራል፣ ኪቦርዳቸው ጠንካራ ነው። ቁጥሩን ግን አሁንም ተመልከቱ፤ ቲ480 ራሱ በ7ኛውም ተሸጧል። ይህ ላፕቶፕ ሁለት ባትሪ አለው፣ አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ። ላፕቶፑን ሳታጠፉ የውጪውን አውጥታችሁ ሙሉውን መተካት ትችላላችሁ። መብራት በሚሄድበት ሰፈር ለሚሠራ ሰው ይህ ከማንኛውም አይ 7 ይበልጣል።

እነዚህ ዕቃዎች በብዛት የሚገኙት በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ድርጅቶች በየጥቂት ዓመቱ ላፕቶፕ ስለሚቀይሩ ነው። ከዚያ መምጣታቸው አንድ ጣጣ ይዞ ይመጣል። ድርጅቱ ዕቃውን ከመዝገቡ ሳያወጣው ከተሸጠ፣ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ጭናችሁ ኢንተርኔት ስታገናኙ የማታውቁት ኩባንያ ስም ወጥቶ የሠራተኛ ኢሜይል ይጠይቃችኋል። ባዮሱም (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ መቼት) በይለፍ ቃል ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። ማክ ከሆነ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት አካውንቱን ካላነሳ ዕቃው ዋጋ የለውም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ባዮሱ እስኪከፈትላችሁ ጠብቁ፤ ማክ ከሆነ ፎርማት ተደርጎ ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ እዚያው እዩት።

ከአሜሪካ ይዛ የምትመጣላችሁ እህት ካለች ዕድለኞች ናችሁ። «ጥሩ ላፕቶፕ አምጭልኝ» ብላችሁ ግን አትጻፉላት፤ ጥሩ ማለት እሷ ጋ ለልጆቿ ትምህርት የገዛችው ሊሆን ይችላል። ሙሉ የሞዴሉን ስም፣ ጀነሬሽኑን፣ ራሙን፣ የስክሪኑን ዓይነት ጻፉላት። ዕቃውን የመመለሻ ቀን ሳያልፍ እዚያው ከፍታ እንድትሞክረው ለምኗት። በቮልት አትስጉ፤ የላፕቶፕ ቻርጀሮች ጀርባቸው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ተብሎ ተጽፎባቸዋል፣ የሚቀየረው የሶኬቱ ጫፍ ብቻ ነው። ከጀርመን ወይም ከፈረንሳይ የሚመጣ ከሆነ የኪቦርዱ ፊደላት ቦታ እንደሚለያይ ግን እወቁት።

ባትሪውን በቃል አትመኑ። ዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ በእሱ ላይ «ዲዛይን ካፓሲቲ» እና «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ግማሽ ከሆነ ባትሪው ሲሞላ የሚይዘው አዲስ ሳለ ከነበረው ግማሹን ብቻ ነው፤ የመቀየሪያውን ዋጋ ከሂሳቡ አስቀንሱ። ቻርጀሩንም እዩ። ዴል ከሆነና ቻርጀሩ የራሱ ካልሆነ ላፕቶፑ ላያውቀው ይችላል፤ ያን ጊዜ ባትሪውን አይሞላም፣ ፍጥነቱንም ይቀንሳል። ቤት ገብታችሁ «ቀርፋፋ ነው» ብላችሁ ከሻጩ ጋር የምትጣሉት በአንድ ቻርጀር ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ሻጩ «ሁሉንም አዶቤ ጭኜልሃለሁ» ሲላችሁ ያለ ፈቃድ ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር መሆኑን ታውቃላችሁ። ከእሱ ጋር ምን አብሮ እንደገባ ግን እሱም አያውቅም፤ የባንክ ሒሳባችሁና የደንበኛ ፋይል የሚኖረው ደግሞ እዚያው ነው። ኢንክስኬፕ በነጻ ይገኛል፤ አፊኒቲም እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2025 ጀምሮ ነጻ ሆኗል። ሁለቱም ለጀማሪ ከበቂ በላይ ናቸው። ገቢ ሲመጣ ለአዶቤ ትከፍላላችሁ።

ገዝታችሁ ስትወጡ የምታገኙት ዋስትና አጭር ነው፤ በአብዛኛው ቀናት ወይም ሳምንታት። በዚያ ጊዜ ላፕቶፑን አታሳርፉት። ያላችሁን ትልቁን ፋይል ክፈቱበት፣ ረጅም ቪዲዮ አውጡበት፣ እያንዳንዱን የዩኤስቢ ማስገቢያ፣ ካሜራውን፣ ማይክሮፎኑን ሞክሩ፣ ባትሪውን እስኪያልቅ ተጠቀሙበት። ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ በዚያው ሳምንት ይጥፋ።

ደረሰኙንም በግል ስማችሁ ሳይሆን በንግድ ስማችሁና በቲን ቁጥራችሁ አስቆርጡ፤ ያለዚያ ግዢውን በሒሳብ መዝገባችሁ ላይ ማስያዝ ያስቸግራችኋል። የላፕቶፑን ሲሪያል ቁጥር ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ራሙና ኤስኤስዲውም በመጠናቸው ይጻፉ፤ ለዋስትና ይዛችሁት ስትመለሱና ለጥገና ትታችሁት ስትሄዱ ምን ይዞ እንደነበር የሚያሳየው ያ ወረቀት ነው።